ለቅሶ ያቆመ ሕፃን ሁሉ ለምዷል ማለት ነውን?



የዛሬውን ገለጻ ከራሴ ስሕተት ልጀምር። በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደ ወጣሁ፣ በምዕራብ ጎጃም በአንዲት ከተማ በሚገኝ መዋዕለ ሕፃናት ለጥቂት ጊዜ አስተምሬ ነበር። በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት በር ላይ የነበረው ለቅሶ ዛሬም ከጆሮዬ አልጠፋም። ከቀደሙኝ መምህራን የወረስኩት ዘዴ አንድ ብቻ ነበር፦ ልጁን ከእናቱ እጅ መቀበል፣ እናቲቱን «ይሂዱ፤ ዞር ብለው እንዳያዩ» ማለት፣ ከዚያም በሩን መዝጋት። «በሦስት ቀን ይለምዳል» ይባል ነበር። እውነትም በሦስተኛው ቀን አብዛኛው ለቅሶ ያቆም ነበር።

ከእነዚያ ልጆች መካከል አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ሁለት ቀን አለቀሰች፤ በሦስተኛው ቀን ዝም አለች። ከዚያ በኋላ እስከ ሰኔ ድረስ አንድም ቀን አላስቸገረችም። ሲጠሯት ትነሣለች፤ ተቀመጪ ሲሏት ትቀመጣለች። ምሳዋን በጉልበቷ ላይ ይዛ ትውላለች እንጂ ብዙ ጊዜ አትከፍተውም። በዓመቱ መጨረሻ በውጤት ካርዷ ላይ «ጨዋና ጸጥተኛ ናት፤ ትምህርት ቤቱን በሚገባ ለምዳለች» ብዬ ጻፍኩ። ካርዱን ሊቀበሉ የመጡት አያቷ ሲነበብላቸው አዳምጠው ሲያበቁ፣ «መምህር፣ ቤት እኮ አፏ አያርፍም። እዚህ ድምፅዋን ሰምተውት ያውቃሉ?» ሲሉ ጠየቁኝ። አልሰማሁትም ነበር። አለመስማቴንም እስከዚያች ቀን ድረስ ልብ አላልኩትም።

የዛሬው ገለጻዬ ለእኒያ እናት ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው። የምሟገትለት ሐሳብም አጭር ነው። ሕፃን የሚለምደው ቤትን ወይም ወንበርን ሳይሆን ሰውን ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ ለምዷል የምንለው ለቅሶ ስላቆመ ሳይሆን፣ ሲከፋው የሚሄድበት ሰው በዚያ ቤት ስላገኘ መሆን አለበት።

ዝምታን ስለ ማንበብ

እ.ኤ.አ. በ1952 ጄምስ ሮበርትሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ አንድ አጭር ፊልም ለሐኪሞች አሳየ። ፊልሙ ላውራ የተባለች የሁለት ዓመት ከአምስት ወር ልጅ ለቀላል ቀዶ ሕክምና በለንደን ሆስፒታል የቆየችባቸውን ስምንት ቀናት የሚያሳይ ነው። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ወላጆች ልጆቻቸውን የሚጠይቁበት ሰዓት እጅግ የተገደበ ነበር። ምክንያቱ ደግሞ እኛ በር ላይ ከምንሰጠው ጋር አንድ ነው፦ ወላጅ ሲመጣ ልጁ ያለቅሳል፤ ወላጅ ካልመጣ ግን ዝም ይላል፤ ዝም ካለ ለምዷል።

ላውራ ብዙ አታለቅስም ነበር። ፊልሙን ኃይለኛ ያደረገውም ይኸው ነው። ፊቷ ቀስ በቀስ ሲጠወልግ፣ አሻንጉሊቷን አጥብቃ ስትይዝ፣ እናቷ ስትመጣ ፊቷን ስታዞር ይታያል። ሮበርትሰን ከጆን ቦልቢ ጋር ሆኖ በትንንሽ ልጆች ላይ ያየውን ሦስት ደረጃ አድርጎ ገለጸው፦ በመጀመሪያ ተቃውሞ፣ ቀጥሎ ተስፋ መቁረጥ፣ በመጨረሻም ስሜትን ከሰው ማራቅ። ሠራተኞች «አሁን ለመደ» የሚሉት ልጁ ወደ ሁለተኛው ወይም ወደ ሦስተኛው ደረጃ ሲሻገር ነበር። ብዙ ሐኪሞች ፊልሙን መጀመሪያ ላይ ተቃወሙት። ይሁንና በ1959 እ.ኤ.አ. የፕላት ኮሚቴ ወላጆች ልጆቻቸውን ያለ ሰዓት ገደብ እንዲጠይቁ ሐሳብ አቀረበ።

እርግጥ ነው፣ ግማሽ ቀን መዋዕለ ሕፃናት መዋል ስምንት ቀን ሆስፒታል ከመተኛት ጋር አይተካከልም። ልጁ በቀትር ወደ ቤቱ ይመለሳል። ትምህርቱ ግን ለእኛም ይሠራል፤ ዝምታ በራሱ የደኅንነት ማስረጃ አይደለም።

ለዚህ ዕውቀት አፍሪካም የራሷ ድርሻ አላት። ሜሪ አይንስወርዝ በ1954 እና በ1955 እ.ኤ.አ. በኡጋንዳ፣ በካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች 26 ቤተሰቦችን እየጎበኘች ሕፃናትንና እናቶችን ተከታትላለች። ያስተዋለችውም ሕፃናቱ እናታቸውን እንደ መነሻና እንደ መመለሻ መጠቀማቸውን ነው። ልጁ ይድሃል፣ ዕቃ ይነካል፣ እንግዳ ያያል፤ መለስ ብሎም እናቱን ያያል፤ አለችና ደግሞ ይሄዳል። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚማሩት የቁርኝት ንድፈ ሐሳብ አንዱ መሠረት የተጣለው በዚያ የገጠር ጓዳ ነው። ከዚህ የምንወስደው ነጥብ ግልጽ ነው፦ ልጅ ለመማር የሚደፍረው መመለሻ ሲኖረው ነው። መመለሻ የሌለው ልጅ ይቀመጣል እንጂ አይመረምርም።

በበርሊን ከተማ 70 የአሥራ አምስት ወር ሕፃናትን የተከታተለና በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም ሌላ ነገር ጨምሮልናል። አጥኚዎቹ ኮርቲሶል የተባለውን የጭንቀት ሆርሞን ከልጆቹ ምራቅ ለክተዋል። ከእናታቸው ጋር ጽኑ ቁርኝት ያላቸው ልጆች እናታቸው አብራቸው በማቆያው በቆየችባቸው ቀናት ሆርሞኑ ዝቅ ያለ ነበር። መለያየቱ ሲጀመር ግን በእነርሱም ላይ ከፍ ብሏል። ስለዚህ «ጠንካራ ልጅ ነው፤ ምንም አይሰማውም» የምንለው ልጅ በውስጡ ሌላ ነገር ሊኖር እንደሚችል ማሰብ ይገባናል።

ልጁ ከየትኛው ቤት መጣ?

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከውጭ ያገኘነውን ንድፈ ሐሳብ እንዳለ ብንገለብጠው፣ ዝም ያለውን የጎጃም ልጅ ሁሉ እንደ ታመመ ልንቆጥረው ነው። በገጠራችን ሕፃን በታላላቆች ፊት ዝም እንዲል፣ እንግዳ ሲመጣ ራመድ ብሎ እንዲቆም፣ ሳይጠየቅ እንዳይናገር ይማራል። ይህ ጨዋነት ነው። ስለዚህ በክፍላችን ሁለት ዓይነት ዝምታ አለ፦ የጨዋነት ዝምታና የመከፋት ዝምታ። የመምህሩ ሙያ የሚለካው ሁለቱን በመለየት ነው።

ለመለየት ከአፍ ይልቅ እጅን ማየት ይበጃል። በጨዋነት ዝም ያለ ልጅ እጁ ይሠራል፦ ጠጠር ይቆጥራል፣ ጭቃ ያድቦለቡላል፣ የጓደኛውን ልብስ ይነካል። ምሳውን ይበላል። ሽንት ሲመጣበት ለአንድ ሰው ያመለክታል። ሲወድቅ ወደ አንድ ሰው ይመለከታል። የከፋው ልጅ ግን ቦርሳውን ከጀርባው አያወርድም፣ ምሳውን አይከፍትም፣ ሽንቱን እስከ ቀትር ይይዛል፤ ወድቆ ቢደማ እንኳ ማንንም ሳያይ ይነሣል። ያች የእኔ ተማሪ እነዚህን ሁሉ በየቀኑ ታሳየኝ ነበር። እኔ ግን የማዳምጠው ለቅሶን ብቻ ነበር።

ሌላው ልብ ልንለው የሚገባን ነገር የገጠራችን ሕፃን ከአንዲት እናት ብቻ የሚለይ አለመሆኑ ነው። በአንቀልባ ያዘሉት እናቱ፣ አያቱ፣ ታላቅ እኅቱ ናቸው። በእሹሩሩ ያስተኙት ብዙዎች ናቸው። ጎረቤት ቡና ሲጠጣ ከጭን ወደ ጭን ይዘዋወራል። ይህ ልጅ ብዙ ሰው የለመደ ነው፤ ብቻውን መሆንን ግን አያውቅም። የሚከብደውም በአንድ ጎልማሳ ፊት፣ እርሱን በሚያህሉ በርካታ ልጆች መካከል፣ የእርሱ የሚለው ሰው ሳይኖር መቀመጥ ነው። ይህ ግን መልካም ዜናም አለው። ብዙ ሰው ስለለመደ፣ ከአዲስ ሰው ጋር የመላመድ ችሎታው ከቤቱ ይዞት የመጣው ሀብት ነው። የጎደለው አስተዋዋቂ ብቻ ነው።

የተቋማቱ አመጣጥ

በአገራችን ሕፃናትን ሰብስቦ ማስተማር አዲስ አይደለም። በየደብሩ ፊደል ይቆጠር ነበር። በዚያ ሥርዓት አንድ ልብ ያላልነው ጥበብ አለ፤ የኔታ ሁሉንም ልጅ ራሳቸው አይዙም። ቀደም ብሎ የገባው ልጅ አዲሱን ከጎኑ አስቀምጦ ፊደሉን በስንደዶ እያመለከተ ያስቆጥረዋል። አዲሱ ልጅ ብዙ ጊዜ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ነው የሚመጣው። ሥርዓቱ አለንጋም እንደ ነበረው አልክድም፤ ነገር ግን ልጁ ለብቻው አልገባም።

ዘመናዊው መዋዕለ ሕፃናት የተጀመረው ከባቡሩ ሥራ ጋር በተያያዘ በድሬዳዋ፣ ለፈረንሳውያን ሠራተኞች ልጆች ነው። ለረጅም ዘመን የከተማ ነገር ሆኖ ቆየ፤ በደርግ ጊዜ በየቀበሌው ተስፋፋ። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ከመጣ ወዲህ ግን ነገሩ ወደ ገጠር ዘለቀ። በየመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የስድስት ዓመት ልጆችን የሚቀበል «ኦ» ክፍል ተከፈተ። ታላላቅ ተማሪዎች ታናናሾችን የሚያዘጋጁበት «ከልጅ ለልጅ» የተባለ መርሐ ግብርም ተጀመረ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛ ደረጃን የሁለት ዓመት አድርጎታል።

ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ መስፋፋቱ ሲለካ የኖረው በተመዘገቡ ልጆች ቁጥር ነው። የተመዘገበ ልጅ ግን የገባ ልጅ አይደለም፤ የገባም ልጅ የለመደ ልጅ አይደለም። በኅዳር ወር በርበሬ ሲለቀም ከክፍል የሚጠፉት ልጆች ለሥራ ብቻ የቀሩ ይመስለናል። ከእነርሱ መካከል ቀድሞውንም ያልለመዱ፣ ለመቅረት ምክንያት የሚጠብቁ መኖራቸውን ግን አንመዘግብም።

ምን ማድረግ ይቻላል?

በጀርመን አገር «የበርሊን ሞዴል» የሚባል የማላመድ ሥርዓት አለ፤ የተቀረጸው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ወላጅ ከልጁ ጋር ለጥቂት ሰዓት በማቆያው ይቆያል፤ መለያየት የለም። በአራተኛው ቀን ወላጁ ተሰናብቶ ለጥቂት ደቂቃ ይወጣል። ልጁ ካለቀሰ የሚታየው ማልቀሱ ሳይሆን በተንከባካቢዋ መጽናናት መቻሉ ነው። ከተጽናና ጊዜው ቀስ በቀስ ይረዝማል፤ ካልተጽናና ይዘገያል።

«ስድሳ ልጅ ይዛ ብቻዋን ለቆመች መምህርት ይህን መንገር ቀልድ አይሆንም?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ሥርዓቱን እንዳለ መቅዳት አንችልም። መርሑን ግን በእኛ አቅም ልናውለው እንችላለን። አምስት ነገሮችን ላንሣ።

አንደኛ፣ ሁሉንም ልጅ በአንድ ቀን አንቀበል። ስድሳው በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥር አሥር እየሆኑ ቢገቡ፣ መምህርቷ በየጊዜው የምታጽናናው አሥር ልጅ ነው። ቀድመው የገቡት ደግሞ ለሚቀጥሉት አስተናጋጅ ይሆናሉ። ይህ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የርእሰ መምህሩን ፈቃድ ነው።

ሁለተኛ፣ አንድ የሚያውቀው ሰው አብሮት ይግባ። እናት የእርሻና የቤት ሥራ ቢይዛት አያት ትችላለች። አያትም ባትችል በዚያው ግቢ አራተኛ ክፍል የምትማር እኅቱ በእረፍት ሰዓት ልትጎበኘው ትችላለች። ገበሬያችን ያልተገራ ወይፈንን ከሌላ ያልተገራ ወይፈን ጋር አይጠምድም፤ ከለመደ በሬ ጋር ያጣምደዋል። ለከብቱ ያወቅነውን ለልጁ አንንፈገው።

ሦስተኛ፣ ተደብቆ መሄድ ይቅር። ልጁ ወደ ጨዋታ ዞር ሲል ሹልክ ብሎ መጥፋት ለዕለቱ ለቅሶን ያስቀራል። ልጁ የሚማረው ግን «ዓይኔን ከነቀልኩ እናቴ ትጠፋለች» የሚለውን ነው። በማግስቱ ቀሚሷን የማይለቀውም ስለዚህ ነው። ባሕላችን መድኃኒቱን በጨዋታ አስቀምጦልናል፤ ድብብቆሽ የሚያስተምረው የተሰወረ ሰው ተመልሶ እንደሚገኝ ነው። እናት ተሰናብታ፣ መቼ እንደምትመለስ ልጁ በሚገባው መንገድ ነግራ ትሂድ፦ «ምሳህን በልተህ ስታበቃ እመጣለሁ»። ባለችውም ሰዓት ትምጣ።

አራተኛ፣ መምህሩን ማስፈራሪያ አናድርገው። «ዋ! ለመምህር ነው የምነግርልህ» እየተባለ ያደገ ልጅ ወደ ክፍል ሲገባ የሚያየው አያ ጅቦን ነው። በሰኔ ምዝገባ ጊዜ ወላጅና ልጅ ግቢውን አብረው ቢጎበኙ፣ መምህርቷም ልጁን በቤት ስሙ ብትጠራው፣ መስከረም ሲደርስ እንግዳ አትሆንበትም። ከአዊ አዋሳኝ ቀበሌዎች ለሚመጡና ቤታቸው አውኚ ለሚናገሩ ልጆች ደግሞ በቋንቋቸው ጥቂት ቃል ማወቅ፣ ቢያንስ ውኃ፣ ሽንት፣ እናት የሚሉትን፣ ትልቅ በር ይከፍታል።

አምስተኛ፣ መጸዳጃ ቤቱን አስቀድመን እናሳያቸው። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ትንንሽ ልጆች ከትምህርት ቤት የሚቀሩበት አንዱ ምክንያት ጨለማውና ጥልቁ ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። አፍሮ ልብሱን ያበላሸ ልጅ በማግስቱ «ሆዴን አመመኝ» ይላል።

ስለ ሕፃናት ማቆያ

እስከ አሁን የተናገርኩት ከአራት ዓመት በላይ ስላሉት ነው። በቡሬ ግን ሌላ ጥያቄ መጥቷል። የተቀናጀው የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ በከተማዋ ከተቋቋመ ወዲህ፣ ደመወዝተኛ የሚሆኑ ወጣት እናቶች ጉዳይ የነገ ሳይሆን የዛሬ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። ስለዚህ እናት ወደ ሥራ ስትመለስ ልጇ የሦስት ወር ሕፃን ነው። የጤና ባለሙያዎች ደግሞ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ ይላሉ። በሁለቱ መካከል ያለውን የሦስት ወር ክፍተት ሊሞላ የሚችለው በሥራ ቦታ አጠገብ ያለ ማቆያ ነው። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማቆያ እንዲያቋቁሙ ማዘዙም ተገቢ ነበር።

ነገር ግን ክፍል ቀብቶ አልጋ መደርደር ማቆያ አያሰኝም። የሦስት ወር ሕፃን አዲስ ሰው በቀላሉ ይቀበላል። ከስምንተኛው ወር አካባቢ ጀምሮ ግን እንግዳን መፍራት ይጀምራል፤ እስከ ዓመት ተመንፈቅ ድረስም መለያየት እጅግ ይከብደዋል። በዚህ ዕድሜ ያለ ሕፃን ዛሬ በአንዷ፣ ነገ በሌላዋ ሞግዚት ከተያዘ የሚለምደው ሰው አያገኝም። የሞግዚቷ ደመወዝ አንሶ በየወሩ የምትለቅ ከሆነ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ሕፃኑ ነው። ስለዚህ ማቆያ ስትገመግሙ አስቀድማችሁ ስለ አሻንጉሊቱ አትጠይቁ። «ይህን ልጅ የያዘችው ማን ናት? ከያዘችውስ ስንት ወር ሆናት?» ብላችሁ ጠይቁ።

«እመለሳለሁ» የሚለው ቃል

በመጨረሻ ሳላነሣው ላልፍ የማልችለው ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። በሮቻቸው ሲከፈቱ የሚመጡት ልጆች ከዚህ በፊት የምናውቃቸው ዓይነት አዲስ ገቢዎች ብቻ አይደሉም። ተኩስ የሰሙ፣ ሌሊት ከቤት የወጡ፣ የሄደ ሰው ሳይመለስ የቀረባቸው አሉ። ለእነዚህ ልጆች መለያየት ጨዋታ አይደለም። በር ላይ የምትሰናበተው እናትም ራሷ ትፈራለች፤ ልጇም ፍርሃቷን ከእጇ ያነብባል።

ስለዚህ ከመቼውም ይልቅ «እመለሳለሁ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ እንያዘው። ልንጠብቀው የማንችለውን ቃል አንስጥ። «አባትህ ነገ ይመጣል» ብሎ ማባበል ዛሬን ያሳልፍ ይሆናል፤ የነገን አመኔታ ግን ይበላል። በምትኩ ልናረጋግጥ የምንችለውን እናረጋግጥ፦ ማን እንደሚወስደው፣ መንገድ ቢዘጋ ወይም ወንዝ ቢሞላ በማን ቤት እንደሚያድር፣ እስከዚያው አብራው የምትቆየው መምህርት ማን እንደ ሆነች። ከሕፃኑ ጋር የምንገባው ውል ይህን ያህል ትንሽና ይህን ያህል ጽኑ ይሁን።

ለተማሪዎቻችን አንድ የቤት ሥራ ልስጥና ላብቃ። ለትምህርት አሰጣጥ ልምምድ ስትወጡ፣ በአራተኛው ሳምንት የእያንዳንዱን ልጅ ስም ጻፉና ከጎኑ አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ይህ ልጅ ቢወድቅ በዚህ ግቢ ወደ ማን ይሄዳል? በስሙ ትይዩ የሰው ስም የጻፋችሁለት ልጅ ለምዷል፤ ቢያለቅስም ለምዷል። ቦታው ባዶ የቀረበት ልጅ ግን የቱንም ያህል ጸጥ ቢል ገና በር ላይ ቆሟል። እኔ ያን ጊዜ ይህን ዝርዝር ብሠራ ኖሮ፣ አያቷ ሳይጠይቁኝ በፊት አንድ ባዶ ቦታ አገኝ ነበር።